“ያዘኝ!” ያለችው ሙሽራ

እናኑ ገና አሥር ዓመቷ ነው፤ ጣቷን የማታስገባበት ጉድ ግን የለም። በ1957 ዓ.ም. የቡሬ ስልክ ቤት ሠራተኛ የሆነው አጎቷ ዳኘው ከተሰበረ ስልክ የወጣ፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ባለ ሁለት ሽቦ ማዞሪያ ሰጣት። እጀታው ሲሽከረከር ሁለቱን ሽቦዎች የጨበጠ ሰው ክንዱ እስከ ትከሻው ይነዝረዋል። በራሷም፣ በድመቷም ሞክራዋለች። ድመቷ ከዚያ ወዲህ ቤት አልገባችም። አባቷ ቄስ ክንፈሚካኤልም፣ “ይህን ነገር ዳግመኛ ባየው ወንዝ ነው የምጥለው” ብለዋል።

ስለዚህ ከእህል ጎታው ኋላ ተደበቀች። ሽቦዎቹን አስረዝማ፣ ጫፋቸው ላይ ሁለት የብረት ማንኪያ አስራ መደቡ ላይ አስቀመጠችና፣ ኃይሉ እዚያ ድረስ ደርሶ ማንኪያዎቹ ይንጣጡ እንደሆነ ለመስማት አንገቷን ደፍታ ማዞር ጀመረች።

በዚህ መሀል ታላቅ እህቷ ካሰች እንግዳ ይዛ ገባች። እንግዳዋ ከማንኩሳ የመጡት የወደፊት አማቷ እመት አልጣሽ ናቸው፤ ሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ካሰች መደቡን ላጽዳላቸው ብላ ማንኪያዎቹን አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጇ አነሳች።

“ያዘኝ! ኧረ ያዘኝ!” ጣቶቿ ማንኪያዎቹ ላይ ተጣብቀው አልላቀቅ አሏት።

እናኑ በጩኸቱ ደንግጣ ይባስ ብላ አፈጠነችው። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። ቄስ ክንፈሚካኤል መስቀልና ጠበል ይዘው ደረሱ፤ ጠበሉን ሲረጯት ካሰች የባሰ ጮኸች።

“ማነህ አንተ? ተናገር! ከየት ያዝካት?”

እመት አልጣሽ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ በሩ አመሩ። “እኔ ልጄን ለጋኔን አልድርም! ሰርጉ ቀርቷል!”

የእናኑ እጅ ቀጥ አለ፤ ካሰችም ማንኪያዎቹን ጣለቻቸው። ብትናገር ማዞሪያው ወንዝ ሊገባ ነው፤ ዝም ብትል የእህቷ ትዳር ሊፈርስ ነው።

“እኔ ነኝ፣ አባባ” አለ ከጎታው ኋላ ቀጭን ድምፅ። “በማንኪያው ነው የያዝኋት።”

የጠበሉ ዕቃ ከቄሱ እጅ ወደቀ። ጎረቤቱ አማተበ። እመት አልጣሽ ግን፣ “በልጅ አፍ ልትሸነግሉኝ ነው?” ብለው አፈጠጡ።

ቄስ ክንፈሚካኤል መስቀሉን ብብታቸው ውስጥ ከተው፣ ሁለቱን ማንኪያዎች ጨበጡ።

“አዙሪ።”

“አባባ…”

“አዙሪ ብያለሁ!”

እያለቀሰች አዞረችው። የስንቱን ጋኔን ሲያስለፈልፉ የኖሩት ቄስ ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም ሊሉ ሞከሩ፤ ጥምጥማቸው ወደ ዓይናቸው ወረደ። ከዚያ ያ ሁሉ ጎረቤት እያየ፣ “ያዘኝ!” አሉ። “ያዘኝ! ልቀቂኝ ልጄ!”

እናኑ ማዞሯን አቆመች። ማዞሪያውን ወንዝ የመጣሉን ነገር ማንም አላነሳው። እመት አልጣሽ ቀስ ብለው ተመለሱና ቄሱ ከብብታቸው ያወጡትን መስቀል ሊሳለሙ ጎንበስ አሉ። ከንፈራቸው ሊነካው ሲል ግን ቀና ብለው ወደ ጎታው ዞሩ።

“አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ እጅሽን ከዚያ ጉድ ላይ አንሺ!”