የሜዳ አጠራረግ፣ ከነቀዳዳው

፩

መጥረጊያ።

ፍሬው አራት ዓመት ሙሉ የዩኒቨርሲቲውን የቅርጫት ኳስ ቡድን ሲመራ ኖሮ በሰኔ ተመርቆ ሲሄድ፣ ለተተኪው ለአቤኔዘር ያወረሰው ይህንኑ ነው። ማልያ አይደለም፣ ዋንጫም አይደለም። እጀታው የረዘመ፣ ግማሹ የተመናመነ የግቢ መጥረጊያ፤ ከእሱም ጋር በእጅ ጽሑፍ የተሞላ አንድ ገጽ ወረቀት። አቤኔዘር በሁለት እጁ ተቀበለ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፣ ፍሬው የሕንፃውን ጥግ እስኪታጠፍ ጠበቀና ሳቀ።

ልጁን ለመውደድ የተዘጋጀ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይቅርበት።


፪

አቤኔዘር የሚንቃቸው (ዝርዝሩ አልተሟላም)

— አሰልጣኝ ገዛኸኝ፤ ፊሽካቸውን ባንገታቸው አንጠልጥለው ምሳ ስለሚበሉ።
— ኦብሳ፣ የቡድኑ ረጅሙ ልጅ፤ ኳስ በእጁ ሳይሆን በደረቱ ስለሚቀበል።
— ሜዳው፤ ኮንክሪት ስለሆነና ከመመገቢያ አዳራሹ ጀርባ ስለተቀመጠ።
— ተመልካቹ፤ ከምሳ ሰልፍ የተረፈ ስለሆነ።
— የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች በሙሉ። ራሱ የስፖርት ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ይህን ሲያስታውሱት ይቆጣል።
— ፍሬው።

ለፍሬው ምክንያት ያልተጻፈለት ምክንያቱ ስለሚረዝም ነው። በዚህ ቡድን ውስጥ ፖይንት ጋርዱ፣ ማለትም ኳሱን ይዞ የሚወጣውና ለሌላው የሚያከፋፍለው ሰው፣ ከልምምድ በፊት ሜዳውን ይጠርጋል። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። አቤኔዘር ሁለት ዓመት ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ እያሰረ፣ ፍሬው በጠዋት ጎንበስ ብሎ ሲጠርግ አይቷል። ካፒቴን የሚባለው ሰው አቧራ ሲያፍስ ማየት አሳፈረው። የእኔ ቀን ሲመጣ፣ አለ በልቡ፣ ይህ ነገር ያበቃል።

ቀኑ መጣ።


፫

የርክክቡ ንግግር፣ እንደተነገረ

ፍሬው፦ እንግዲህ ጠዋት ጠዋት አንተ ነህ የምትጠርገው።
አቤኔዘር፦ ጽዳት ሠራተኞች የሉም እንዴ?
ፍሬው፦ አሉ።
አቤኔዘር፦ ታዲያ?
ፍሬው፦ እኔም ከበፊቱ ልጅ ነው የተቀበልኩት።
አቤኔዘር፦ ለምን እንደሆነ ጠይቀኸው ታውቃለህ?
ፍሬው፦ አንድ ወር ከጠረግኩ በኋላ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ወረቀቱን አንብበው አቤኒ።
አቤኔዘር፦ ችግር የለም፣ አነበዋለሁ።

አላነበበውም።


፬

እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት መስመር አንብቧል። ዶርም ገብቶ አልጋ ላይ ቆመና፣ እንደ ዜና አንባቢ ድምፁን ወፈር አድርጎ ለጓደኞቹ አሰማቸው።

«የሜዳ አጠራረግ። አንደኛ፣ ከቅርጫቱ ሥር ጀምር። ሁለተኛ፣ አትቸኩል፤ በጆሮህ ጥረግ።»

በጆሮህ ጥረግ። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ተንከባለሉ። አንደኛው መጥረጊያውን ጆሮው ላይ ደግፎ «ሃሎ?» አለ። ከዚያ በኋላ ሦስተኛውን ማን ያነባል?

የዶርሙ ጠረጴዛ አንድ እግሩ ያጥራል። አቤኔዘር ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈና ከእግሩ ሥር ሸጎጠው። ጠረጴዛው መንገዳገዱን ተወ። ለፍሬው ትምህርት ጥቅም ተገኘለት።


፭

ለ፦ ጠቅላላ አገልግሎት ክፍል
ከ፦ አቤኔዘር፣ የቅርጫት ኳስ ቡድን መሪ*
ጉዳዩ፦ የሜዳ ጽዳትን ይመለከታል

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በያዝነው ዓመት ከፍ ያለ ኃላፊነት የተጣለብኝ በመሆኑና ሙሉ ትኩረቴን በውድድር ዝግጅት ላይ ማድረግ ያለብኝ ስለሆነ፣ ሜዳው በየዕለቱ ጠዋት በጽዳት ሠራተኛ እንዲጠረግልን በትህትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

* መሪ ብሎ የሾመው ሰው የለም። አሰልጣኝ ገዛኸኝ ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «የመጀመሪያውን ጨዋታ ኳሱን አንተ ትይዛለህ። ከዚያ እናያለን።» የመታጠቢያ ቤት አምፖል ለመቀየር ስምንት ወር የሚፈጅበት ክፍል ግን ለዚህ ደብዳቤ በሦስተኛው ቀን «ተፈቅዷል» ብሎ ማኅተም መታበት። መሥሪያ ቤት የማይረባ ነገር ሲጠየቅ ፈጣን ነው።


፮

ለትልቅ ቦታ እንዲህ ትዘጋጃለህ

ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ትነሳለህ። የስታዲየሙን ደረጃ አርባ ጊዜ ትወጣለህ። ሦስት መቶ ኳስ ትወረውራለህ፤ ስታገባ ትቆጥራለህ፣ ስትስት ቅርጫቱን ታየዋለህ፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል። ራስህን በስልክ ትቀርጻለህ። ቪዲዮውን ስታይ ሌሎቹን አታይም።

በልምምድ ላይ ኳሱ ሁለት ጊዜ ከእጅህ ሥር ይጠፋል። ወደ መሬት ትመታዋለህ፣ አይመለስም። በመጀመሪያው ጊዜ ኳሱን ትሰድበዋለህ፤ አየሩ ጎድሏል ትላለህ። በሁለተኛው ጊዜ ኦብሳን ትሰድበዋለህ።

ሥራህን ወጥረህ ትይዛለህ፤ ይህን እንኳ መካድ አይቻልም። የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ዘንድሮ እዚሁ ነው የሚካሄደው። ምድቡ ሁለት ጨዋታ አለው፣ ቅዳሜና ሰኞ፤ ሁለቱንም አንድ የክለብ ተጫዋቾች መልማይ ከአዲስ አበባ መጥቶ ያያል። ክለብ መግባትን ትፈልጋለህ፣ ከአስራ ሦስት ዓመትህ ጀምሮ።


፯

እትዬ አስካለ።

በደብዳቤው ትእዛዝ ከቤተ መጻሕፍቱ ተነስተው ወደ ሜዳው የተዛወሩት የጽዳት ሠራተኛ እሳቸው ናቸው። አቤኔዘር ሜዳው ዳር የጣለውን የፍሬውን መጥረጊያ ይዘው በየጠዋቱ፣ ሳይቸኩሉ፣ ከቅርጫቱ ሥር ጀምረው ይጠርጋሉ። እንዲህ አድርጉ ብሎ የነገራቸው ሰው የለም።

በሁለተኛው ሳምንት አቤኔዘርን በእጃቸው ጠሩት።

እትዬ አስካለ፦ ልጄ፣ እዚህ እዚህ ጋ መሬቱ ድምፁ ሌላ ነው። ክፍት ነው መሰለኝ ከሥሩ።
አቤኔዘር (አንዱን ማዳመጫ ብቻ ከጆሮው ነቅሎ)፦ እሺ እትዬ። ብቻ በደንብ ይጥረጉት።

ማዳመጫውን መለሰው።


፰

ዓርብ የተጋጣሚው ቡድን ደረሰ። ፖይንት ጋርዳቸው ቁመቱ አጭር፣ ካልሲው የተቀደደ ልጅ ነው። ኳስ እንኳ አልያዘም። ሜዳውን እየዞረ መሬቱን በተረከዙ ይመታል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይመታል።

«ቦታ ሊገዛ ነው እንዴ?» አለ አቤኔዘር። ኦብሳ ሳቀለት። ኦብሳ ለሁሉም ይስቃል።

ቅዳሜ። ሃምሳ ስምንት ለሃምሳ ዘጠኝ እየተመሩ አስራ አንድ ሰከንድ ቀረ። አሰልጣኝ ገዛኸኝ ኳሱ ለኦብሳ እንዲሰጥ አዘዙ። አቤኔዘር ሰማቸው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ልቡ ግን ሌላ ነገር ቆርጧል፤ መልማዩ ከፊት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፣ በደረት ለሚቀበል ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ኳስ አይሰጥም። አጭሩ ልጅ ግራውን ዘግቶ ቀኙን፣ ሜዳው ዳር ባለው ዛፍ በኩል ያለውን፣ ለቀቀለት። አቤኔዘር «ፈራኝ» ብሎ አሰበ። በቀኙ ገባ፣ ኳሱን ወደ መሬት መታው፤



አልተነሳም።



እጁ ባዶ አየር ዳበሰ። አጭሩ ልጅ ጎንበስ ብሎ፣ የወደቀ ብርቱካን እንደሚያነሳ ሰው ኳሱን አነሳና ሄዶ አገባው። መልማዩ ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ። አጭር ነገር።


፱

ከጨዋታው በኋላ

አሰልጣኝ፦ እዚያ ቦታ ላይ ኳስ ታነጥራለህ?
አቤኔዘር፦ የቱ ቦታ?
አሰልጣኝ፦ የቱ ቦታ?
አቤኔዘር፦ አየሩ ጎድሎ…
አሰልጣኝ (ፊሽካውን ካንገታቸው አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ)፦ ጠርገህ አታውቅም። አንድ ቀን እንኳ። እኔ ደግሞ ሜዳው ንጹሕ ሆኖ ሳይ፣ ይሄ ልጅ ሰው ሆነ እያልኩ ለሰው አወራለሁ። ሰኞም አንተ ትጀምራለህ። ጎበዝ ስለሆንክ አይምሰልህ፤ ሌላ ሰው የለኝም። ከተሸነፍን ውድድሩ አለቀ፣ ያንተም ነገር አለቀ።

አቤኔዘር በሰው ፊት ተንቆ አያውቅም ነበር። ሲንቅ የኖረው እሱ ነው። አፈረ።


፲

ዶርም ገብቶ ጠረጴዛውን ብድግ አደረገ።

    የሜዳ አጠራረግ
    አንደኛ፣ ከቅርጫቱ ሥር ጀምር።
    ሁለተኛ፣ አትቸኩል፤ በጆሮህ ጥረግ።
    ሦስተኛ፣ መጥረጊያው ድምፁን የሚቀይርባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። ኮንክሪቱ ከሥሩ ክፍት ነው፣ ኳስ አያነጥርም።
        አንዱ፣ ከነጻ ውርወራ መስመሩ ግራ ጫፍ።
        ሁለተኛው፣ በዛፉ በኩል፣ ከሦስት ነጥቡ መስመር ሁለት እርምጃ ወጣ ብሎ።
        ሦስተኛው ከሁሉ የባሰ ነው፦ ከ(                    )። በዓይን አይለይም። ተከላካይ ስትሆን ተጋጣሚህን ወደዚያ ግፋው።
    አራተኛ፣ ለማንም አትንገር። የሚጠርግ ሰው ራሱ ያገኘዋል።

በቅንፍ የተከበበው ባዶ ቦታ የጸሐፊው ቀልድ አይደለም። የጠረጴዛው እግር ብረት ነው፤ አራት ወር ሲጫነው የወረቀቱን የላይኛውን እጥፍ በሳው፣ የበሳውም እዚያው ላይ ነው።

ለፍሬው ደወለ።

ፍሬው፦ ወረቀቱ ላይ አለ እኮ።
አቤኔዘር፦ ወረቀቱ ተበስቷል።
ፍሬው፦ ምን በሳው?
አቤኔዘር፦ የጠረጴዛ እግር።
ፍሬው፦ መጥረጊያውስ ተበሳ?

ስልኩ ተዘጋ።


፲፩

ሰኞ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

አቤኔዘር እሁድን ሙሉ ያንን አጭር ልጅ መስሎ ሜዳውን በተረከዙ ሲመታ ዋለ። ሁለቱን የሚያውቃቸውን ቦታዎች አገኘ። ሦስተኛውን አላገኘም፤ እግሩ አበጠ እንጂ። ጆሮውን ለሙዚቃ ሲያስለምድ የኖረ ሰው በአንድ ቀን መሬት መስማት አይችልም።

እትዬ አስካለ እየጠረጉ ነው። ከቅርጫቱ ሥር ጀምረው መሃል ደርሰዋል። ሁለቱንም ማዳመጫ ነቅሎ ኪሱ ከተተና ሄዶ ፊታቸው ቆመ።

«እንደምን አደሩ እትዬ አስካለ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።» መጥረጋቸውን አላቋረጡም።

«መጥረጊያውን ይስጡኝ፣ እኔ ልጥረግ።»

«ምነው? እንዲጠረግልን ብሎ በደብዳቤ የጠየቀው ማነው? አንብበውልኛል።» አሁን ቆሙ። «ቤተ መጻሕፍቱ ጥላ ነበር፤ እዚህ ፀሐይ ነው።»

«አጥፍቻለሁ» አለ። ይህን ቃል ለማንም ብሎ ስለማያውቅ አፉ ውስጥ ተንከባለለበት። «እትዬ፣ ያን ጊዜ ድምፁ ሌላ ነው ያሉኝ… ሁለቱን አውቄያለሁ። ሦስተኛው ቦታ የቱ ጋ ነው?»

እትዬ አስካለ መጥረጊያውን አዩት። እሱን አዩት፣ ከጫማው እስከ ፀጉሩ፣ እሱ ሰውን እንደሚያይበት አስተያየት። ከዚያ እንዲህ አሉት፤ ያሉትን የሚጠርግ ሰው ራሱ ያገኘዋል፦


፲፪

«




                                        »