በግራ የተሳለ ቢላዋ

ጫማ ሰፊው አባት ልጃቸውን ሰው ፊት ማማት ይወዳሉ። «መስፋቱንስ ትሰፋለች፤ ቆዳ መቁረጥ ላይ ግን እጇ አይረባም» ይላሉ፣ እሷ አጠገባቸው ተቀምጣ እየሰማች። ውሸት ነው እንዳይባል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የቆረጠችው ሶል ሁሉ ከመስመሩ እየሸሸ ጠርዙ ተንጋዶ ነው የወጣው።

ቢላዋው የአባትየው ነው። አጭር፣ ሰፊ፣ የማይታጠፍ፣ ሠላሳ ዓመት በአንድ እጅ የኖረ። ያ እጅ አሁን መንቀጥቀጥ ስለጀመረ የመቁረጫው ጠረጴዛ ለሌላ ሰው መሰጠቱ አልቀረም። አባት የመረጡት ደግሞ የእህታቸውን ልጅ ነው። ሰውየው ለጥየቃ መጥቶ ቢላዋውን አነሣና ቆዳውን እንደ ቅቤ ሰንጥቆት እርፍ!

«ሙያ በደም ነው!» አሉ አባት ደረታቸውን ነፍተው። «ሰኞ ጀምር።»

ልጂቱ የማን ደም እንደሆነች የጠየቃቸው የለም።

የእሷ ዓይን ግን ከአክስቷ ልጅ እጅ አልተነቀለም። ግራኝ ነው። አባቷም ግራኝ ናቸው። እሱ ከሄደ በኋላ ቢላዋውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስዳ አገላበጠችው። የቆዳ ቢላዋ የሚሳለው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ ሌላው ጎን ልሙጥ ሆኖ ቆዳው ላይ የሚቀመጠውን የሶል ቅርጽ ተደግፎ ይሄዳል። የዚህ ልሙጥ ጎን ለግራኝ እንዲመች በቀኝ በኩል ነበር። እንደ እሷ በቀኝ እጅ ለሚይዘው ሰው ስለቱ መሸሹ የት ይቀራል! ለካ እጇ ጤነኛ ነው። ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ።

መናገር ትችል ነበር። ግን አባቷን ታውቃቸዋለች፤ «ሰነፍ ሰበብ አያጣም» ብለው ይዘጓታል። ስለዚህ ቅዳሜ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ቢላዋውን በመሐረብ ጠቅልላ ወጣች።

ጎረቤታቸው በያጁ አያት። «አምጪው፣ በግራይንደር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

«ብረቱ ከጋለማ ጥንካሬውን ተሰናበተው» አለችው። ይህንን ያስተማሯት አባቷ ናቸው፤ ሐቁ አይካድም።

በረንዳ ላይ ሸካራውን የቢላዋ መሳያ ድንጋይ በውሃ አርሳ ቁጭ አለች። መጀመሪያ የድሮውን ስለት እስኪያልቅ ፋቀችው። ቢላዋው ጨርሶ ሲዶለዱም ደነገጠች። ካላወቀችበት የአባቷ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ቀረ ማለት ነው! ከዚያ በሌላው ጎን ጀመረች፤ ትገፋለች፣ ታጥባለች፣ በብርሃን ታያለች፣ ደግሞ ትገፋለች። እሑድ ሲመሽ የጣቶቿ ቆዳ ተልጦ ነበር። በለስላሳው ድንጋይ ጨረሰችና በቆዳ ወለወለችው። የአባቷ አውራ ጣት ያጎደጎደውን እጀታም ፍቃ ለራሷ ጣት አመቻቸችው።

ሰኞ የአክስቷ ልጅ መጣ። ቢላዋውን በግራው ይዞ ቆዳው ላይ ሳበው። ሶሉ ተንጋደደ።

«ምን ነካህ አንተ?» አሉ አባት። ነጥቀውት በሚንቀጠቀጠው እጃቸው እሳቸው ሞከሩት። ያው ነው። ቢላዋውን ገልብጠው ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ቢላዋዬን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ አባባ። ለቀኝ እጅ ሳልኩት።»

ተቀብላቸው አዲስ ቆዳ ዘረጋች። ቢላዋውን ቅርጹ ላይ አስደግፋ በአንድ ትንፋሽ ዞረችው። የወጣው ሶል አንድ እንከን የለውም። አባት ስለቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳሰሱት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

«በማሽን?»

«በእጄ።»

ሽማግሌው ሶሉን ይዘው በሩ ላይ ወጡ። «በያጁ! ና እይ! እናንተም ኑ!» ጎረቤትም ደንበኛም ተሰበሰበ። «ይኸውላችሁ፣ የልጄ ሥራ! እንዲህ ያለ ስለት እኔም በጉብዝናዬ አላወጣሁም። እጇ አይረባም ስል የኖርኩት ደግሞ እኔው ነኝ። በግራ የተሳለ ቢላዋ ለቀኝ እጅ ሰጥቼ ሰው ፊት ሳዋርዳት ከረምኩ።»

የአክስቷ ልጅ ሳቀ። «ለእኔም አንድ ሳዪልኝ፣ በግራ።»

እሷ ግን ገና ሥራ ላይ ናት። አንገቷን ቀና አድርጋ «ቀጣዩን ቆዳ ያቀብሉኝ አባባ» አለች።

አቀበሏት።