አሥራ ሁለት ሉክ

ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እነሣለሁ። አህያ የሚጎትተው የውኃ ጋሪ በራችን ሲያልፍ ሁለት ጀሪካን አስሞላለሁ፤ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለተማሪዎቼ ነው። ጥቁር ነጠላዬን ደርቤ ከበለጠች ሻይ ቤት ጀርባ ወዳለው ራኩባ እሄዳለሁ። ራኩባው ግድግዳ የለውም፤ አራት እንጨት ላይ የተጣለ የሣር ጥላ ነው። ሰሌዳችን ጥቁር ቀለም የተቀባ የቁም ሣጥን በር ነው። ተማሪዎቼ ባምበር በሚባል በገመድ የተጠለፈ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ የዘገየ መሬት ላይ ይቀመጣል። ሁሉም እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የቀን ሥራ የሚውሉ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው። ወደ ሥራ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ሰዓት የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጀመሪያ አስተምራቸዋለሁ፤ ኢዝና አር፣ ኢን፣ ኦን፣ አንደር።

የማስተምረው ከባሌ ደብተር ነው። ስንሻው ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። እኔ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ተምሬያለሁ፤ እሱ ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቆመው። ፋሽጋ የሰሊጥ እርሻ ላይ ካቦ ሆኖ ይሠራ ነበርና በየአሥራ አምስት ቀኑ ለእሑድ ቤት ይመጣ ነበር። እሑድ እሑድ እኔ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ እኔ በቀይ አርማለሁ። አንድ እሑድ፣ «ካምቦ ያሉትን ልጆች ባስተምራቸውስ?» አለኝ።

«አንተ?» አልኩና ሣቅሁ።

ዳግመኛ አላነሣውም።

ደብተሩ ባለ ሃምሳ ሉክ ነው። ከመሃሉ አሥራ ሁለት ሉክ ተገንጥሏል። በሕይወት ሳለ ጠይቄው፣ «ለሱሩር ትምባሆ መጠቅለያ ሰጠሁት» ብሎኝ ነበር። ሱሩር የእርሻው ትራክተር ነጂ ነው። አመንኩት።

ብርቱካን የመጣችው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የመተማ ልጅ ናት። ኸሽም ኤል ቂርባ ከርማ፣ እዚህ አንድ ድርጅት የፅዳት ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ትንሽ እንግሊዝኛ ይጠይቃል ሲባል ሰምታ ነው። በመጀመሪያው ቀን በ«ኦን» ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩ ጠየቅሁ። እንደ ወትሮው ሁሉም ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። እሷ ብድግ አለችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ዘ ግሪን ራዲዮ ኢዝ ኦን ዘ ቦክስ። ዘ ቦክስ ኢዝ ኒር ዘ ቤድ። ዘ ብሉ ካፕ ኢዝ ቢሃይንድ ዘ ራዲዮ።»

«ወላሂ ጉድ ነው!» አለ ገብረስላሴ፤ ከተማሪዎቼ ትልቁ እሱ ነው። «እኛ ወር ሙሉ በሌለ ጠረጴዛ ላይ ደብተር ስናስቀምጥ፣ ይች አንድ ቀን መጥታ ቤት አሟልታ ገባች።»

ሰው ሣቀ። እኔ ጠመኔውን ይዤ ቆሜያለሁ። አልጋዬ አጠገብ የቆርቆሮ ሣጥን አለ። ሣጥኑ ላይ አረንጓዴ ራዲዮ አለ። ከራዲዮው ኋላ እጀታው የተሰበረ ሰማያዊ ስኒ አለ፤ የስንሻው ምላጭ እስካሁን ውስጡ ነው። ይች ልጅ ቤቴን ረግጣ አታውቅም።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«ኡስታዝ ናቸዋ! ፋሽጋ፣ ካምቦ ውስጥ። ሰሊጥ ስናጭድ ምሳ እረፍት ላይ ያስተምሩን ነበር።»

እዚህ አገር መምህር ሁሉ ኡስታዝ ነው የሚባለው። «ስሙ ማን ነው?» አልኳት።

«እንጃ፣ እትዬ። ኡስታዝ ነው የምንላቸው። እዚያ በስሙ የሚጠራ ማን አለ? ስም የሚጠይቅ ፖሊስ ብቻ ነው። እኔንም ሎሚ ነበር የሚሉኝ።»

«አሁን የት ነው?»

ይህን ለምን እንደ ጠየቅሁ አላውቅም። መልሱ ያለው እኔ ዘንድ ነበር።

«አገር ቤት ገብተው ይሆናል። ለአጨዳ ይመጣሉ። ቀሪውን ያኔ እጨርስልሻለሁ ብለውኛል።»

እጨርስልሻለሁ። እጨርስላችኋለሁ አላለችም።

ከዚያ ከጉያዋ አንድ የወረቀት ጥራዝ አወጣች። በጆንያ ክር የተሰፋ ነው። ከቆምኩበት ሳልነቃነቅ የእጅ ጽሕፈቱን አወቅሁት።

«ስሕተት ይኖረዋል፤ አርሜ እሰጥሻለሁ» አልኳት። ጥቂት አመነታች። መምህርት ነኝና ሰጠችኝ።

ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ አነበብኩት። ከመጀመሪያው ሉክ እስከ መጨረሻው የኛው ቤት ነው። ራዲዮው፣ ስኒው፣ በአንድ በኩል የተቀደደው መጋረጃ፣ ሲዘንብ የሚያፈሰው ጣራ። ስሟን ፈለግሁ። ስድስተኛው ሉክ ላይ፣ «ሎሚ ኢዝ ላፊንግ» ይላል። ሎሚ እየሣቀች ነው። ራሴን ፈለግሁ። ዘጠነኛው ላይ፣ «ማይ ዋይፍ ኢዝ ኤ ቲቸር። ሺ ኖውስ ዚስ ቤተር ዛን ሚ» ይላል። ሚስቴ መምህርት ናት፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ወደ ስድስተኛው ተመለስኩ። በምን ነበር ያሳቃት?

ጥራዙን አልመለስኩም። በየጠዋቱ፣ «እትዬ፣ አረሙልኝ?» ትለኛለች።

«ገና ነው።»

አምስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ከባዱን ጥያቄ ሁሉ ለእሷ አደርግ ነበር። ብትመልስ ዝም እላለሁ፤ ብትስት ለሁሉም እየደገምኩ አርማለሁ። ነገር ግን ረጅሙን ምንባብ የማስነብበው እሷን ነው። ከማንበቧ በፊት እንደ ስንሻው ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ እንደ እሱ በየቃሉ ጭኗን በጣቷ ትመታለች። ዓይኔን ሰሌዳው ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ። ስትጨርስ እቆጣለሁ።

በለጠች የሻይ ብርጭቆ ልትሰበስብ መጥታ ሰማችኝ። «ኧረ አንች፣ ይች ልጅ ምን በደለችሽ? ሰሞኑን በርበሬ ሆነሻል እኮ!»

«የድርጅቱ ፈተና አለባት» አልኩ።

ነሐሴ በገባ በሁለተኛው ሰኞ ብርቱካን አዲስ ደብተር ይዛ መጣች፤ ባለ ሃምሳ ሉክ። ትምህርት ሳይጀመር ወደ እኔ ቀረበች።

«እትዬ፣ ይች የኡስታዝ ናት። ለእኔ ብለው ደብተራቸውን ገነጠሉት፤ በኋላ ሚስቴ ምን ትለኝ ይሆን ብለው ሲጨነቁ ነበር። ለአጨዳ ሲመጡ እሰጣቸዋለሁ። እዚህ ላይ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ይጻፉልኛ። ኡስታዝ ብቻ ይበቃል፣ አይደል?»

ሰው ሁሉ ተቀምጧል። ጠመኔው እጄ ላይ ነው።

«ስሙ ስንሻው ነው» አልኩ። «ኅዳር ሃያ አንድ ቀን በወባ ሞቷል። ባሌ ነው።»

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ጎሕ ሲቀድ ቤት ይኬዳል፤ ሰውየው ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞት ነው የሚነገረው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

 ብርቱካን ደረቷን መታችና ወደቀች። «ኡስታዜ! ኡስታዜ!» እያለች ጮኸች። ሴቶቹ ተሯሩጠው ያዟት፤ በለጠች ብርጭቆዋን ጥላ መጣች፤ ውኃ ፊቷ ላይ ረጩ። እኔ ቆሜያለሁ። እሱ የሞተ ቀን ሆስፒታል ውስጥ ብዙ በሽተኛ ነበርና ዝም በሉ ተብለን ዝም አልኩ። ከዚያም በኋላ እንዲያ አልጮህኩም። ያንን ጩኸት ከአፏ ነጥቄ ለራሴ ባደረግሁት ብዬ ተመኘሁ።

ገብረስላሴ ጋቢውን አስተካክሎ ወደ እኔ መጣ። «መምህርት፣ እንዲህ ይነገራል እንዴ? ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ሰሌዳውን መጥረግ ጀመርኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ብርቱካን ከበለጠች ጋር ልቅሶ ልትደርሰኝ ቤቴ መጣች። ጥቁር ሻሽ አሥራለች። መሬት ተቀምጣ ቀና ስትል ሣጥኑን አየች፤ ከሣጥኑ ላይ ራዲዮውን፣ ከራዲዮው ኋላ ስኒውን። አፏን በእጇ ያዘች። 

ጥራዙን አውጥቼ ሰጠኋት። «ውሰጅ። ያንችው ነው።»

«አይ እትዬ። የቤትዎ ዕቃ ነው። እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

በቃሏ ይዛዋለች። ያንንስ በምን ልወስድባት?

«አላወቅሁም እኮ፣ እትዬ» አለች። «ሲከብደን ‹ቆዩ፣ እሑድ ጠይቄ እመጣለሁ› ይሉን ነበር። ማንን እንደሚጠይቁ አልነገሩንም።»

የእሑድ ጥያቄዎቹ ትዝ አሉኝ። አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ሲደጋግምብኝ፣ «እስኪ አሁን ይህ ምን ያደርግልሃል?» ብዬው አውቃለሁ።

«ሎሚ እየሣቀች ነው ይላል፤ ስድስተኛው ሉክ ላይ» አልኳት። «በምን ነበር የሣቅሽው?»

ጥቂት አሰበች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «አላስታውስም፣ እትዬ።»

እውነቷን ይሁን ለእኔ አዝና፣ አላወቅሁም። በለጠች፣ «በይ ተነሽ፤ መምህርት ትረፍ» አለቻት። አዲሱን ደብተር ሣጥኑ ላይ ትታው ሄደች።

ድርጅቱን አልጠበቀችም። ሐሙስ ዕለት ሥራ ወደሚገኝበት ኒው ሀልፋ በጭነት መኪና መሄዷን ገብረስላሴ ነገረኝ። ፈተናውን ብትፈተን ታልፍ እንደ ነበር አልነገርኳትም።

ሉኮቹን በዚያው የጆንያ ክር ቦታቸው ላይ መልሼ ሰፋኋቸው። ደብተሩ ሃምሳ ሉክ ሞልቷል። የማስተምረውም ከእሱ ነው፤ ራዲዮው ሣጥኑ ላይ፣ ስኒው ከራዲዮው ኋላ እያልኩ። ተማሪዎቼ ዘጠኝ ናቸው። የፊተኛው ባምበር ባዶ ነው። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጭኑን በጣቱ እየመታ የሚያነብልኝ ሰው የለም።