ጉማሬ ያስነጠሰባት

«ጉማሬው አፉን ሲከፍት» አለ አሰፋ፣ ንፍሮ ከመዳፉ ወደ አፉ እየወረወረ፣ «ደምሴ ጀልባውን እዚያው ውስጥ አቆመና፣ ጥላ አገኘሁ ብሎ ጋደም አለ።»

ድንኳኑ ሳቀ። ሐዘንተኛን ብቻዋን ከሐሳብ ጋር መተው ነውር ስለሆነ ለቀስተኛ ጨዋታ ይዞ ይመጣል። አሰፋ ደግሞ ዕድሜውን ከሟቹ ጋር አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቅ ዳርቻ መረብ ሲጎትት የኖረ ዓሣ አጥማጅ ነውና ጨዋታ አያልቅበትም። ደምሴ በሞተ ማግስት የሀዋሳ ሐይቅ አንድ ክንድ ጎደለ ብሎ የማለው እሱ ነው። ውሸቱን ነው። ደምሴ ራሱ ቢያወራው ግን ሦስት ክንድ ያደርገው ነበር፤ እኛም እናምነው ነበር።

የሟቹ ልጅ ታቢታ ነጠላዋን ግራ ጉንጯ ላይ ጎትታ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ጨዋታው ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች። ጉማሬው አፉን ይከፍታል፤ ደምሴ ይጋደማል፤ ሕፃኗ ታቢታ ከጀልባው ጫፍ ሆና የጉማሬውን አፍንጫ በሣር ትነካካለች፤ ጉማሬው ያስነጥሳል። የሚያስነጥሰው እሷ ፊት ላይ ነው። ጉንጯም ከዚያ ወዲያ እንደተጨማደደ ቀረ። ወሬው እዚህ ሲደርስ ሁሉም ዞሮ ያያታል።

አዲስ ለቀስተኞች እየጮኹ ሲገቡ አሰፋ አቋረጠ። ታቢታ አብራቸው አለቀሰች። ግማሹ እንባ ለአባቷ ነው፤ ግማሹ ግን ጉማሬው ሳያስነጥስ ስለቀረ የእፎይታ ነው።

ደምሴ ዓሣ የሚጠብሰው ሐይቁ ዳር፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም አሞራዎች ትርፍራፊ በሚጠብቁበት ዛፍ ሥር ነበር። ገበያ ሲቀዘቅዝበት «ታቢ፣ ነይ እስቲ» ይላታል። ትመጣለች። ነጠላዋን ገለጥ ታደርጋለች። እሱ ያወራል፤ ሰው ይስቃል፤ ቆሮሶ ዓሣው ይሸጣል። አባ ኮዳዎቹ እንኳ እሷን ካዩ ወዲህ ነው ራሰ በራ የሆኑት ይል ነበር። ታቢታ ከሁሉም ቀድማ መሳቅ ለመደች፤ ቀድማ ከሳቀች ቀልዱ የእሷም ይመስላልና። እቤት ገብታ ግን ፀጉሯን የምትሠራው መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው።

በደርግ ዘመን የነታቢታ ጸሎት ቤት ከታሸገ በኋላ ምእመናኑ በየቤቱ ተራ ይዘው፣ መዝሙሩን እንደ ሐሜት በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። የሚመሩት ልብስ ሰፊዋ እትዬ ገበያነሽ ናቸው። አንድ ቀን ለታቢታ ሲጸልዩ እጃቸውን ራሷ ላይ ሳይሆን ጉንጯ ላይ ጫኑ። ያንን ቦታ ሰው ነክቶት አያውቅም።

«ሁሉንም ይቅር ብያለሁ ትያለሽ» አሏት በኋላ። «አንዷን ግን እስከ ዛሬ ደጅ አቁመሻታል።»

«ማንን?»

«ይህችን» አሉ፣ ጉንጯን መታ መታ አድርገው። «ሠርቶ ያቆማት ጌታ አላፈረባትም። አንቺ ማን ነሽና ነው የምታፍሪባት?»

ታቢታ የዚያን ዕለት መስታወቱን ወደ ራሷ አዞረችው። ብዙ ማየት ግን አልቻለችም፤ መልሳ ወደ ግድግዳው አዞረችው።

ሌላ ቀን እነ ታቢታ ቤት ጸሎት ላይ ሳሉ የቀበሌ አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው መጡ። ደምሴ ለጸሎት ግድ የለውም፤ ደጃፉ ላይ መረብ ሲጠግን ነበር። ግቡ፣ ጓዶች፣ አላቸው፤ ልጄን ቁምጥና ይዟት ሴቶቹ እያጠቧት ነው፣ እናንተም ውሃ ታቀብላላችሁ። ቀጥሎ ወደ ውስጥ ተጣራ።

«ታቢ፣ ውጪና ፊትሽን አሳዪአቸው።»

ወጥታ ገለጠች። ጥበቃዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሄዱ፤ እንዲያውም አንደኛው ታቦር ተራራ ጫፍ ሳይደርስ አልቆመም ይባላል። ሴቶቹ ከእስር ስለተረፉ ጌታን አመሰገኑ። ታቢታም አመሰገነች። ከዚያ ጓሮ ዞራ ጉንጯን በውሃ አጠበችው።

ደምሴ ሲታመም ከቆሮሶ ሌላ አልበላም አለ። ታቢታ አልጋውን በግራዋ አድርጋ ትቀመጥና እሾሁን እየለቀመች ታጎርሰዋለች። ለራሷ ጭራው ይቀራታል፤ ዱሮም የእሷ ድርሻ ጭራው ነበር። አንድ ቀን እጇን ያዛት። ነጠላዋን ገለጠና ጉንጯን ትኩር ብሎ አየው።

«ታቢ፣ ያን ቀን…» አለ።

ጠበቀች። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ይህን ነበር።

«ያን ቀን ያ ጉማሬ…» ብሎ ሊስቅ ሲል ሳል አቋረጠው። በማግስቱ ሞተ።

ድንኳኑ በሚነሣበት ቀን አሰፋ ራሱ የጠበሰውን ቆሮሶ በትሪ ይዞ መጣ፤ ጉማሬውንም ይዞ መጣ። አፉን አስከፈተው፤ ደምሴን አጋደመው፤ ለሕፃኗ ሣር አስያዛት። የአፉን ስፋት ለማሳየት እጆቹን ሲዘረጋ ታቢታ ክርኑን አየችው።

«ከዚያማ» አለ አሰፋ። «ታቢ፣ አሳዪአቸው እንጂ። አባትሽ ደስ ይለዋል።»

ክፋት የለበትም። ሊያጽናናት ነው።

ታቢታ ነጠላዋን ከጉንጯ አንሥታ ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

«ጉማሬው አላስነጠሰም፣ ጋሽ አሰፋ» አለች፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «አባባ ዓሣ እየጠበሰ ለአንድ መንገደኛ ያወራ ነበር። የጉማሬውን አፍ ስፋት ሊያሳይ እንዲህ እንደ እርስዎ እጁን ዘረጋ። ክርኑ መጥበሻውን መታው። እኔ ሥሩ ቁጭ ብዬ ነበር። ዘይት ነው።»

ንፍሮ የሚያኝክ አፍ ሁሉ ቆመ። አሰፋ እጆቹን እንደዘረጋ ቀረ፤ የት እንደሚያስቀምጣቸው ጠፋው።

«ደምሴ ለኛ አልነገረንም» አለ።

«ለኔም አልነገረኝም። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።»

አንዲት ለቀስተኛ በሞተ ሰው እንዲህ ይባላል ወይ ብላ አጉረመረመች። አንዱ ተነሥቶ ወጣ። አይዞሽ ያላት የለም፤ ጨዋታቸውን እንደ ሰረቀቻቸው ነው ያዩዋት። እትዬ ገበያነሽ ብቻ ተጠግተው ከቀኟ ተቀመጡ።

ትሪው ዞሮ እሷ ዘንድ ደረሰ። ታቢታ ጭራውን አለፈችው። መሃሉን፣ ወፍራሙን ቆረሰች። ቀጭኗ እንኳ እንዳትቀር በጣቶቿ እየዳሰሰች እሾሁን ለቀመች። ጉርሻውን አበጅታ ስትጨርስ እጇ በራሱ ጊዜ ወደ ግራ ሄደ፤ የተኛ ሰው አፍ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ቆመ።



ከዚያ መለሰችውና ራሷ ጎረሰችው።