እንደ ጡጦ የሞቀ ደም

እኔ ስናደድ አፌ አያርፍም። ያን ቀን ጠዋትም ከማሽከርከሪያው ማሽን ጋር ስጨቃጨቅ ነበር። ሥራዬ በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ቀይ የደም ሕዋሳትን ከቅባት አሲድ ጋር ቀላቅሎ የሚሆነውን ማየት ነው። ቱቦው ሲሽከረከር ጤነኞቹ ሕዋሳት ታች ይዘቅጣሉ፤ ከላይ ያለው ፈሳሽ ጥርት ይላል። ፈሳሹ ከቀላ ግን ሕዋሳቱ ፈንድተዋል ማለት ነው።

ጨረር ብቻ የነካቸው ቅባቱ ቢጨመርባቸውም ደህና ነበሩ። እንዲሁ የሞቁትም ለክፉ አልሰጡም። በጨረር ያለፉትን አሙቄ ቅባቱን ጠብ ሳደርግባቸው ግን ቱቦው ከላይ እስከ ታች ቀላ። "ኧረ ጉድ ነው!" አልኩና ደገምኩት። ያው ሆነ።

"ምን ያስጮህሻል?" አለኝ ባልደረባዬ፣ ጭምቱ የምንለው።

"ና እስቲ እየው።"

ቱቦውን አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘው። ፊቱ መገርጣቱ አስፈራኝ። "የእህትሽ ልጅ ዛሬ ደም ይሰጠዋል አላልሽም?" አለኝ።

ታናሽ እህቴ ያለጊዜው የወለደችው ልጅ ፎቅ ላይ፣ ጨቅላዎች ክፍል ተኝቷል። መጥባት ስለማይችል ምግቡ፣ ቅባቱ ሳይቀር፣ በደም ሥሩ ነው የሚገባለት። ለእንደሱ ዓይነት ጨቅላ የሚሰጥ ደም ደግሞ ቀድሞ በጨረር ያልፋል፤ ለደህንነቱ ተብሎ። ቅባትም ጨረርም አለ እንግዲህ። ደሙ የሚወጣው ግን ከፍሪጅ ነው፣ ሙቀት ከየት ይመጣል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ወዲያው ሲስተር ትዝ አለችኝ። የክፍሉ ነርስ ናት፤ ልጆቹን እንደወለደቻቸው ነው የምትሳሳላቸው። እህቴ እንኳ "ከእኔ ይልቅ እናቱ እሷ ናት" ትላለች። ቀዝቃዛ ደም ለእንቦቀቅላ መስጠት አንጀቷ አይችልም፤ ከረጢቱን እንደ ጡጦ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች። በእጇ ዳስሳ ካልሞቃት አትሰቅለውም።

ደወልኩ፤ የሚያነሳ የለም። እግሬን አንስቼ ደረጃውን በረርኩ። ምን ዓይነት መዓት ነው! እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

እህቴ በር ላይ በፈገግታ ተቀበለችኝ። "መጣሽ እታለም? ግቢ፣ ደሙ ሊያልቅለት ነው። ሲስተር ደግሞ እንዴት አድርጋ እንዳሞቀችለት!"

"ዝጊው ሲስተር! አሁኑኑ ዝጊው!"

ሲስተር የደሙን ቧንቧ ዘጋች። "ምን አጠፋሁ?" አለች። ከረጢቱን ነካሁት፤ ለብ ያለ ነው፣ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሐኪሙን እንድትጠራ ነገርኳትና ሮጣ ወጣች። ልጁ እንቅልፍ ላይ ነው፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ምናልባት ደርሼ ይሆናል አልኩ፣ ቱቦና ሰው ለየቅል ነው አልኩ፣ ያልኩት ሁሉ ግን አላረጋጋኝም።

"እብድ! ልጄን ልትቀሰቅሺብኝ ነው" አለች እህቴ፣ እየሳቀች። ዳይፐሩን ልትቀይርለት ጎንበስ አለች። ገለጠችው፤ ሳቋ ቀረ።

"እታለም" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ሽንቱ ለምን ቀላ?"