ክዳን ያጣው ጀሪካን

ልጆቼ፣ ግራ እጄን እያያችሁ ሁለቱ ጣቶች የት እንደገቡ መጠየቅ እንደምትፈሩ አውቃለሁ። ዛሬ ልንገራችሁ። ደም አለበት፤ አንጀቱ የማይችል ወጣ ይበል።

ያኔ ጋራዤ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ሰፊ የብረት በሯ መንገዱ ላይ ይከፈታል። ጀነሬተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የሣር ማጨጃ እጠግን ነበር። የታናሽ እህቴ የሚጢ ባል አትክልተኛ ነው፤ የትልልቅ ግቢዎችን ሣር በራሱ ማሽን እያጨደ ይኖራል። ደብድቧት ሁለት ጊዜ እኔ ዘንድ መጥታለች። ሁለቱንም ጊዜ አስታርቄ የመለስኳት እኔው ነኝ። ይህን ዋጥ አድርጌ ሌላውን ባወራላችሁ ውሸታም ነኝ።

አንድ ጠዋት አማቼ ባንድ እጁ ማሽኑን እየገፋ፣ በሌላው ሚጢን እየጎተተ ከች አለ።

«አልነሳ አለኝ ጋሼ! ቢነሳም እየተንተፋተፈ ሦስት እርምጃ አይሄድም፣ ድርግም! እህትህ ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ጨምራ ነው። ፈትተህ በዓይንህ እየው። ውሃ ከተገኘ ግን ዛሬ ቤት ስንገባ የማደርጋትን አንተም እንዳትጠይቀኝ።»

ሚጢ ቀና አላለችም። ግራ ትከሻዋ ወደ ታች ወርዷል።

«ትከሻሽን ምን ነካው?» አልኳት።

«በር መታኝ፣ ወንድምጋሼ።»

«ምን ይደረግ፣ በሩም ጠምዷታል» ብሎ አማቼ ሳቀ።

እኔ የማሽን ብልሽት ሳላገኝ እንድቀር የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ውሃ ከተገኘ አለቀላት። ስለዚህ ሌላ ሌላውን አስቀደምኩ። ቤንዚኑን በእሳት የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈትቼ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነካሁትና የማስነሻ ገመዱን ሳብኩት፤ ሰማያዊ እሳት ተፋ። ደህና ነው። የአየር ማጣሪያውን አውጥቼ አራገፍኩት፤ እሱም ንጹሕ።

«ምን ትልመጠመጣለህ? ካርቡራተሩን ፍታ!» አለ። ወዲያው ከኋላዬ አንድ ነገር ግድግዳ ሲመታ ሰማሁ። ዞር ብል የሚጢ ራስ ነው፤ ፀጉሯን ጨብጧል።

«ልቀቃት!»

«ፍታ አልኩህ!»

ፈታሁ። ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን፣ ቤንዚን የሚጠራቀምባትን ትንሽ ኩባያ ነጭ ሳህን ላይ ገለበጥኳት። ቤንዚኑ ተንጣለለ፤ ከሥሩ ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ለብቻው ተሰበሰበ።

ጥፊው ጋራዡን አናጋው። ሚጢ ከሥራ ጠረጴዛዬ ጋር ተላትማ ወደቀች፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሙ አገጯ ላይ ወረደ።

«እጅህን ሰብስብ!» አልኩት። «ቤንዚን የምታስቀምጥበትን አምጣ።»

ጀሪካኑን ከማሽኑ እጀታ ላይ ፈትቶ ወረወረልኝ። አንድ ጎኑ ጎድጉዷል። ክዳን የለውም፤ አፉ በጨርቅ ተወትፏል። ጨርቁን ብጨምቀው ውሃ ተንጠባጠበ።

«የት ነው የሚያድረው?»

«ደጅ ነዋ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር።»

«እንግዲህ ዝናቡ ከጣሪያው እየወረደ ነው የገባበት። ክዳኑስ?»

«ጠፋ።»

«አልጠፋም» አለች ሚጢ፣ ከወለሉ ሳትነሳ። «ጀሪካኑን ሲወረውርብኝ ተሰበረ።» ትከሻዋን ያዘች። «እዚህ ላይ።»

ከዚያ እኔ፣ «ማሽንህን ጨርሼ እሰጥሃለሁ፤ እሷ ግን አትሄድም» አልኩት። ሄዶ ግድግዳውን ተደገፈ። የተቀበለኝ መስሎኝ ተታለልኩ።

ካርቡራተሩን አጥቤ ንጹሕ ቤንዚን ሞላሁበት። ገመዱን አንዴ ብስበው ተነሳ፤ ግን ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። አጠፋሁት። ስለቱ ላይ ሣር ተጋግሮበት መሆን አለበት። እኔ ደግሞ ልማድ አለኝ፤ ስለት ከመንካቴ በፊት ካንዴላውን ነቅዬ ደረት ኪሴ እከተዋለሁ። አማቼ በዚህ «ጥርስ ነቃዩ» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ነቅዬ ከተትኩ፤ ማሽኑን በጎኑ አጋድሜ እጄን ሰደድኩ።

«ሚስቴን ልትነጥቀኝ?» ሲል ሰማሁ። ገመዱን ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው።

ስለቱ በገመዱ ጉተታ ብቻ ዞረ። መጀመሪያ ሕመም የለም፤ ቅዝቃዜ ብቻ። ካንዴላው ቦታው ቢሆን ሞተሩ ተነስቶ ክንዴን ይጨርሰው ነበር። እንዲያም ሆኖ ሁለት ጣቶቼ ከሣሩ ጋር ወለሉ ላይ ቀሩ። በላዩ በጫማው ጎኔን ይረግጠኝ ጀመር። ጎድኔ ቀጭ ስትል ሰማኋት።

ሚጢ ትልቁን መፍቻ አንስታ በደህና እጇ ጉልበቱን አለችው። ተንበረከከ። ደገመችው። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከሰው አልሰማሁም።

ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ። «ካንዴላውን።»

«ተይ» ማለት እችል ነበር። ሁለት ጊዜ ብያታለሁ። ሦስተኛውን አላልኩም፤ በደም የተነከረችውን ካንዴላ ሰጠኋት። ማሽኑን አቅንታ፣ ካንዴላውን ቦታው መልሳ አጥብቃ፣ ገመዱን ስትይዝ እሱ በሩ ሥር የነበረ የብረት ዘንግ ጨብጦ በሩን ተደግፎ ተነሳ።

«ወደ ቤት! አሁን!» ብሎ ጮኸባት።

አንዴ ሳበችው። ማሽኑ አገሳ። በተጎዳው ትከሻዋ እያቃሰተች እጀታውን ወደ ታች ተጫነች፤ የፊት ጎማዎቹ ተነሱ፣ ስለቱ ታየ። ገፋችበት። በዘንጉ ስለቱን ሊያቆም ሞከረ፤ ዘንጉ ከእጁ ተፈናጥሮ ጉንጩን እስከ ጆሮው ቀደደው። ቀጥሎ የጫማው ጫፍ ሄደ። እያነከሰ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ መንገድ ላይ ወጣ።

ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቴ ፎጣውን እንደያዘ ሮጦ መጣ፤ ሌሎችም ተሰበሰቡ። ሚጢ በሩ ላይ ቆማለች፤ ማሽኑ ይጮኻል።

«አጥፊው በቃ፣ እህት ዓለም» አልኳት።

«መጀመሪያ አትመልሰኝም በለኝ።»

«አልመልስሽም።»

«ሰው ይስማህ!»

ጎድኔን ይዤ፣ ከሞተሩ በላይ ጮኼ ተናገርኩ። «አልመልስሽም!»

ያኔ አጠፋችው።