የተፋቀው ክዳን

እኔ ሳጥን አላጥብም። ይህን ቤታችን የሚገባ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቅ ቢመጣም ባለቤቴ ገና በር ላይ ትነግረዋለች። ከድሮው ጦር ሜዳ የማነሳው የጥይት ሳጥን መጀመሪያ ከነአፈሩ ይቀመጣል፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፣ በመጨረሻ በእርጥብ ጥጥ ቀስ እያልኩ ክዳኑ ላይ የተቀባውን ምልክት አወጣለሁ። ምልክቱ ከጠፋማ ምን ቀረ? ቆርቆሮ። ቆርቆሮ ደግሞ ጣራዬም ላይ ሞልቷል።

እና ማክሰኞ ጠዋት የሥራ ክፍሌን ስከፍት፣ ቅዳሜ ከኮረብታው ምሽግ ያወጣሁት ሳጥን ክዳኑ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ባገኘው ደሜ ፈላ። ጥግ ጥጉ ላይ ያለው አረንጓዴ ቀለም አልተነካም። መሀሉ ብቻ፣ ምልክቱ የሚኖርበት ቦታ፣ ራቁቱን ቀርቷል።

"ማነው እዚህ የገባው?" ብዬ ጮህኩ።

"ማን ይገባል?" አለች ባለቤቴ። "ትናንት ጋሼ መጥተው 'ሳጥኑን ልየው' ብለው ትንሽ ቆዩ። ሌላ ሰው አልመጣም።"

ጋሼ የምንለው ታላቅ ወንድሜን ነው። በጦርነቱ ጊዜ እዚያው ኮረብታ ላይ ከባለቤቴ ወንድም ጋር ነበር። እሱ ወረደ፣ የሷ ወንድም ቀረ። "ጥይት አለቀብን" ነው ያለን፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚህች ሌላ ቃል አልወጣውም። ባለቤቴ ወንድሟን መጨረሻ ያየ ዓይን ነው ብላ፣ እሱ ሲመጣ እኔን ከወንበሬ ታስነሳኛለች።

ሳጥኑ ግን ከባድ ነበር። ባዶ ሳጥን በአንድ እጅ ይነሳል፤ ይሄኛው ወገቤን ሊቆርጠው ምንም አልቀረው። ከነሱ ምሽግ፣ ሙሉ ሳጥን! ታዲያ ያለቀው የቱ ጥይት ነው? ቅዳሜ ለወንድሜ ስነግረው "ምን ያደርግልሃል፣ ጣለው" አለኝ። እሁድ ሁለት ጊዜ ደውሎ "ከፈትከው?" ሲል ጠየቀኝ። አሁን ደግሞ ይሄ። ጥሎት ሸሽቷል አልኩ በሆዴ። ለባለቤቴ ምን ብዬ ልንገራት? ወንድምሽን ጥሎ የሸሸውን ሰው ነው ስታበዪ የኖርሽው ልበላት? አፌ እምቢ አለኝ።

ከባድ ሳጥን ራሴ አልከፍትም። ጆሮው የምንለው ፈንጂ አምካኝ ወዳጅ አለኝ፤ ማንኛውንም ነገር ሳይነካ በፊት ጆሮውን ስለሚለጥፍበት ነው ስሙ የወጣለት። ረቡዕ ጠራሁት። ወንድሜንም ጠራሁ። ዓይን ዓይኑን እያየሁ እንዲከፈት ነበር የፈለግኩት፤ ክፋቴ አልጠፋኝም።

"ይሄን ይዘህ ነው አራት ሌሊት የተኛኸው?" አለኝ ጆሮው። "አንተስ ጤነኛ ነህ?" ሁላችንንም ወደ ግቢ አስወጣን። ወንድሜ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ሲያሸው አየሁት። ላቡ ይወርዳል። በለው፣ አልኩ በልቤ፣ ዛሬስ ተያዝክ።

ቆየት ብሎ ጆሮው ጠራን። "ጥይት ብቻ ነው፣ ግቡ። ማሸጊያው ድሮ ተቆርጧል፤ ግን አንድም ፍሬ አልጎደለም።"

አላስቻለኝም። "ሙሉ ነው! ጥለኸው ሸሸህ፣ አይደል?"

ባለቤቴ ከኋላዬ መቆሟን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

"ጥይቱን እየው" አለ ወንድሜ ቀስ ብሎ።

አየሁት። ከመሀል ጣቴ ይረዝማል። "የከባድ መትረየስ ነው" አለ ጆሮው። "ይሄን ጠመንጃ አይጎርሰውም።"

"ክዳኑ ላይ ቀይ መስመር ያለበት የመትረየስ ነበር፣ ቢጫው የጠመንጃ" አለ ወንድሜ። "እኛ ጠመንጃ ብቻ ነበር የያዝነው። ከታች ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ክዳኑ አቧራ ለብሶ ነበር። አንዴ በእጄ ጠረግ ባደርገው ቀዩን አየው ነበር። ያንን ሁሉ ዳገት ይዤው ወጣሁ።"



"ማን ከፈተው?" አለች ባለቤቴ።

"ወንድምሽ።"

"ተቆጣዎት?"

"ምን ይቆጣል! ሳቀ። ሌሎቹ እንዳያዩብኝ ክዳኑን መልሶ ዘጋና 'ቶሎ ውረድ፣ ሌላ አምጣ፤ ለማንም አልናገርብህም' አለኝ። ቢጫውን ይዤ ስመለስ ኮረብታው የኛ አልነበረም።"

"እሱ መቼ ይቆጣል" አለችና መቃኑን ይዛ አለቀሰች፤ ሠላሳ ዓመት ስታለቅስ እንዲህ ስትንሰቀሰቅ አላየኋትም። ከዚያ ፊቷን ጠረገች። "ጋሼ፣ ዛሬ ይሂዱልኝ" አለችው። ነገ ይምጡ አላለችም።

እስከ ውጭው በር ተከተልኩት። እፍረቱ ሊገድለኝ ነው። "ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ" አልኩት። "ፈርተህ የሸሸህ መስሎኝ ነበር።"

ኮፍያውን አደረገ።

"አውቃለሁ" አለኝ። "እንደዚያ እንዳመንክ ብትቀር ይሻለኝ ነበር።"